ለውሃ የሚነፋ ጥሩምባ

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡15

የዝናብ መለኪያ ጣሳዬ ውስጥ 22 ሚ.ሜ.። ትናንት 9 ነበር። ወንዙ ዳር ያቆምኩት ምሰሶ ላይ ውሃው 38 ሳ.ሜ. ደርሷል። ለአደጋ የቀባሁት ቀይ መስመር 1 ሜ. ከ40 ላይ ነው። ገና ነው። የግራ ቡትሴ ያፈሳል። ይለጠፍ።

በቀን ሦስት ጊዜ እወርዳለሁ፦ 1 ሰዓት፣ 6 ሰዓት፣ 11 ሰዓት። ቶላ ይስቅብኛል። ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምረሽ አልበቃ ብሎሽ አሁን ደግሞ ውሃውን ታርሚያለሽ ይላል። ቶላ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነው። ሠፈሩ ሳይቆረቆር መሬቱን ያርሱ ከነበሩት ቤተሰብ ነው። አሁንም ወንዙ ዳር ቆስጣና ሰላጣ ያበቅላል። ወንዙን በስሙ አይጠራውም፤ በኦሮምኛ «ላጋ» ይለዋል። ወንዝ ማለት ነው። ሌላ ወንዝ በዓለም ላይ የሌለ ይመስል።

ማስታወሻዬ፣ ላንተ ልጻፈው፤ ለሰው ስናገረው ማስፈራራት ይመስላል። መንገዳችን ከአስፋልቱ ተነሥቶ እስከ ወንዙ ይወርዳል። ታች አሥራ አንድ ቤት አለ። አምና ከሰዓት በኋላ፣ እኛ ጋ ጠብ ሳይል፣ ከላይ የዘነበው ውሃ መጥቶ በሩብ ሰዓት ጉልበት ደረሰ። ሰው አልሞተም። እሑድ ስለነበር ሁሉም ቤቱ ነበር፤ ተጓትተው ወጡ። ቶላ ድሮ እንዲህ አልነበረም ይላል። ዝናቡ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ መሬቱ ይጠጣዋል። አሁን ሳምንት ይጠፋና በአንድ ሰዓት ይወርዳል። የሚጠጣው መሬትም የለም፤ እስከ ላይ ድረስ ሲሚንቶ ነው።

የመጨረሻው በር የእማማ ድንቄ ነው። እግራቸው ከከዳቸው ሦስት ዓመት። ልጃቸው ወርቄ (ተማሪዬ ነበረች፣ 5ኛ ክፍል፣ ሦስተኛው ረድፍ) ቀኑን ሙሉ አስፋልቱ ዳር ጉሊት ላይ ናት። ውሃው በሥራ ቀን ከመጣ እማማ ብቻቸውን ናቸው። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩ።

ሰኔ 22፣ እሑድ፣ ከሰ. 10፡00

የእድር ኮሚቴ። ጋሽ ደምሴ ዳኛ፣ እኔ ጸሐፊ። አቀረብኩ፦ ለሞት የሚነፋው ጥሩምባ ለውሃም ይነፋ። ስልክ አያስተማምንም። ሲዘንብ መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይከተለዋል። ጥሩምባ ባትሪ አይፈልግም።

ጋሽ ደምሴ አገጫቸውን አሻሹ። እድር የተቋቋመው ለሞተ ሰው ነው፣ ለሕያው መንግሥት አለ አሉ። ድንኳን፣ አግዳሚ፣ ድስት፣ ቃሬዛ ያለው፣ ሠፈሩን ሁሉ በአንድ ድምፅ የሚያስነሣ ሌላ ማን አለ ብዬ ጠየቅኩ። ቶላ ጣልቃ ገባ።

«እኔን ሰው መንገድ ላይ ሲያየኝ ያማትባል። እስቲ አንድ ቀን እንኳን ለሕያው ልንፋ።»

ጋሽ ደምሴም ሳቁ። ተፈቀደ። ቃለ ጉባኤ ተጻፈ። ደስ አለኝ። እራት ሳልበላ መመሪያውን ጀመርኩ።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

መመሪያው አለቀ። አንድ ገጽ። አንድ ረጅም ድምፅ፦ ሞት። ሦስት አጫጭር፦ ውሃ። ውሃ ሲሆን የታች ሰው ወደ ላይ ይወጣል፤ የላይ ሰው ወደ ታች አይወርድም። አራት ጊዜ አረምኩት። ፎቶ ኮፒ ተደረገ። በየበሩ ለጠፍኩ፣ በላስቲክ ሸፍኜ። ማንበብ ለማይችሉት በቃል ነገርኩ።

እማማ ድንቄ ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ማንበብ አይችሉም። ግን ጽሕፈትሽ ያምራል አሉኝ።

ሐምሌ 6፣ እሑድ፣ ከሰ. 8፡30

የእድሩ ጠቅላላ ስብሰባ። መመሪያውን አነበብኩ። ቀጥሎ ጠየቅኩ፣ እንደ ክፍል። ሦስት አጫጭር ምንድን ነው? ውሃ! አንድ ረጅም? ሞት! የታች ሰው ወዴት? ወደ ላይ! የኋላ ወንበር ያሉትን ለይቼ ጠየቅኩ፤ ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚደበቁት። እነሱም መለሱ። አንድ ሰው አልተሳሳተም።

ሙከራው ሳምንት፣ እሑድ፣ 9 ሰዓት። ምሰሶው 71።

ሐምሌ 13፣ እሑድ፣ ማታ 1፡00

የዛሬውን ልጻፍ። በቅደም ተከተል።

9፡00። ቶላ ታች ወንዙ ዳር ቆሞ ሦስት አጫጭር ነፋ። ሰዓቴን ያዝኩ። 1ኛ ደቂቃ፦ ከታች አንድ በር ተከፈተ። ሴትዮዋ ወጣች፣ ግራ ቀኝ አየች፣ ተመልሳ ገባች፣ ነጠላ ለብሳ ወጥታ በሯ ላይ ቆመች። 3ኛ፦ ከላይ ሰው መምጣት ጀመረ። ወደ ታች! 5ኛ፦ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጋቢ ደርበው፣ እየሮጡ። የወሩ ተረኞች የድንኳኑን ቋሚ በትከሻቸው ይዘዋል። 9ኛ፦ 63 ሰው ወንዙ አፋፍ ላይ። ምን እየቆጠርኩ እንደሆነ የገባኝ ቆጥሬ ስጨርስ ነው።

ማን ነው? ማን ነው? ይባባላሉ። የሚያውቅ የለም። አበበች፣ ከላይ ሠፈር ያለችው፣ የታመሙት እማማ ድንቄ አይደሉ ብላ በራሷ ገመተች መሰለኝ፤ በራቸው ላይ ደረቷን መታች። ሌሎቹ ተቀበሏት። ለቅሶው ጮኸ። እየጮኽኩ ብከለክልም የሚሰማኝ የለም።

ውስጥ ገባሁ። እማማ አልጋቸው ላይ ተደግፈው ይበላሉ። ጉርሻውን አንሥተው እንደያዙ፣ ማን ሞተ የሺ አሉኝ። የውጭውን ለቅሶ አዳመጡና ገባቸው። በሩን ክፈችልኝ አሉ። ከፈትኩ። አልቃሾቹን አንድ በአንድ አዩዋቸው።

«ገና ነኝ። አንቺ አበበች፣ በደህናው ጊዜ ደጄን ረግጠሽ ታውቂያለሽ? ዛሬ ምን እግር ጣለሽ?»

አንዳንዱ ሳቀ። ብዙው አልሳቀም። ጋሽ ደምሴ ድንኳን የተሸከሙትን መልሱ ብለው ጮኹባቸው። ወርቄ ጉሊቷን ጥላ ቁልቁል ስትሮጥ አንድ ጫማዋ መንገድ ላይ ቀርቷል። እናቷን ጥብቅ አድርጋ አቅፋ አየኋት። ቀና ብላ አላየችኝም።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ጠዋት ጋሽ ደምሴ ኮሚቴውን ጠሩ። ሟርት ነው አሉ። በቁሙ ያለ ሰው ላይ አስለቀስን። ከእንግዲህ ጠቅላላ ስብሰባው ነሐሴ 4 እስኪወስን ድረስ ጥሩምባው ለውሃ አይነፋም። እንድጽፍ አዘዙኝ። በእጄ ጻፍኩ። ፈረምኩ። ቶላም ፈረመ።

ቤት ገብቼ ተናደድኩ። አንብቤላቸዋለሁ፣ ጠይቄያቸዋለሁ፣ መልሰዋል! አንድ ሰው አልተሳሳተም! ከዚያ ተቀመጥኩ። ክፍሉ በሙሉ ከወደቀ ስህተቱ የተማሪ አይደለም። ይህን ለወጣት መምህራን ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ።

ምሰሶው 80። ዝናቡ አያባራም። ፀሐይ ካየን ስድስት ቀን።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ቶላ ጋ ወረድኩ። ሰላጣውን ጭቃ በልቶበት እየነቀለ ነው። ይቅርታ ልለው ነበር፤ እሱ ቀደመኝ። እንደዚያ የሚያህል ሰው ወንዙ ዳር አይቼ አላውቅም አለ። ነውር ነው አልኩት። አይደለም አለ።

«ቲቸር፣ አንቺ ለጆሮአቸው ነው የነገርሽው። ጥሩምባ የሚሰማው እግር ነው። እኔ አርባ ዓመት ወደ ሰው ቤት ስጠራቸው ኖሬ፣ አንቺ በአንድ ወረቀት አትምጡ ትያለሽ?»

ዝናቡ ጃንጥላዬ ላይ። ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፦ ስንት ሰው መጣ? 63። በስንት ደቂቃ? በ9። ማንም ሰው ጠርተሽ በዘጠኝ ደቂቃ 63 ሰው ታገኛለሽ? አላገኝም። «እንግዲያ ምን ትፈልጊያለሽ? ይምጡ እንጂ።»

ይምጡ። መምጣታቸው ነው እድሩ። ሲመጡ የሚያደርጉትን ብቻ ነው መለወጥ ያለብኝ። አሁን ማታ 2 ሰዓት ነው፤ ወረቀቶቼን በሙሉ ቀደድኩ። ትንሽ ቆጨኝ፤ ጽሕፈቱ ጥሩ ነበር።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

በወረቀት አይደለም ዛሬ። በእግር። የላይ ሰዎችን፣ ሁለት ሁለት ቤት እየያዝኩ፣ ታች አወረድኩና በር አስነካኋቸው። ይህ በር የናንተ ነው። ጥሩምባ ስትሰሙ ለቅሶ ቤት እንደምትሮጡት እዚህ ሩጡ። እነማን እንዳሉ ዕወቁ። ማን ይራመዳል፣ ማን ይታዘላል። ይዛችሁ ውጡ። ዕቃ አይነካም።

ለቀጣፊው አናጢ የደረሰው የጠላቱ ቤት ነው… አይ፣ ሐሜት አልጽፍም። ብቻ በሩን ነክቶ፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ ገብቶ ቁጭ አለ። ሁለት ዓመት ሳይነጋገሩ ኖረዋል። ሻይ ሰጡት። ሃያ ደቂቃ አባከነብኝ። አልተቆጣሁም።

አምስት በር ተነካ። ስድስት ቀረ።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ፣ ከሰ. 11፡30

የመጨረሻው በር። እማማን ለማውጣት አራት ጎልማሶች መደብኩ። የእድሩን ቃሬዛ ይዘው ገቡ። እማማ አዩት። ከአልጋቸው እንደ ልጅ ተነሥተው የሚሮጡ መሰለኝ።

«በዚህኛው አንድ ጊዜ ነው የምወጣው። ያን ጊዜ አልከለክላችሁም። አሁን አውጡልኝ።»

ልክ ነበሩ። እንደገና ሳላስብ! ቃሬዛው ወደ ግምጃ ቤቱ ተመለሰ። ቶላ ለቅሶ ላይ የምንቀመጥበትን አግዳሚ ወንበር አንዱን ይዞ መጣ። እማማ መሐሉ ላይ ተቀመጡ፣ ወርቄ በነጠላ ከአግዳሚው ጋር አሰረቻቸው፣ አራቱ አነሡ። ጣራው ሥር አጎንብሰው ወጡ። መንገዱ ላይ እማማ ቀና ብለው ዙሪያውን አዩ። ሦስት ዓመት ሠፈሩን ከውጭ አላዩትም። እስከ አስፋልቱ ውሰዱኝ አሉ። ወሰዷቸው። የወርቄን ጉሊት አዩ፤ ቲማቲሙን እንዲህ አይደረድሩትም፣ የበሰለውን ከፊት አድርጊ ብለው ተቆጧት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ወርቄ እያለቀሰች ትስቃለች።

ከአልጋ እስከ አስፋልት፦ 4 ደቂቃ ተኩል። ጻፍኩት።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

አሥራ አንዱም በር ተነክቷል። ሁለት ጊዜ ያለ ጥሩምባ፣ በእጅ ጭብጨባ ሞከርን። ከታች ሲጨበጨብ ከቁብ የሚቆጥረው የለም፤ ላይ አይሰማም። ጥሩምባው ያስፈልጋል።

ጋሽ ደምሴን ለመንኳቸው። በራችሁን ነክታችኋል፣ ጥሩ ነው፤ ጥሩምባው ግን ስብሰባው ይወስን አሉ። የእድሩን ሕግ እኔና አንቺ ካላከበርነው ማን ያከብረዋል? እኔ ብሆንም እንዲሁ እል ነበር። ሕግ ወዳድ ሰዎች ነን ሁለታችንም።

ወርቄ ምሰሶው አጠገብ አገኘችኝ። ጥሩምባው ተፈቀደ ወይ አለችኝ። ነሐሴ 4 ይወሰናል አልኳት።

«ውሃው ነሐሴ 4 መሆኑን ያውቃል ቲቸር?»

ሥርዓት አለው አልኳት። አንገቷን ደፋች፣ ልክ እንደ ድሮው፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ እንደነበረችው።

ምሰሶው 96።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ፣ ማታ 3፡00

ሁሉም ወጥቷል። 43 ሰው። ሁሉም። መጀመሪያ ይህን ጻፍኩ።

አሁን በቅደም ተከተል።

8፡40። እኛ ጋ ካፊያ ብቻ። በላይ በኩል ሰማዩ ጥቁር። መብራት ጠፋ። ስልክ አይሠራም። ወረድኩ። ቶላ ጥሩምባውን ጋቢው ሥር ይዞ ቆሟል። ላጋው ሸተተኝ አለ፤ ጎርፍ ከመምጣቱ በፊት የጭቃ ሽታ ይቀድመዋል ይላል።

9፡05። 1 ሜ. ከ10። ውሃው ቀለሙን ለወጠ። ፌስታል፣ እንጨት፣ የሰው በር።

9፡18። ቀዩ መስመር። ደረሰ። አለፈው።

ልንፋ? አለ ቶላ። ጥሩምባውን አፉ ላይ አድርጎታል።

ቆይ አልኩት።

ቆይ አልኩት። በእጄ የጻፍኩት፣ የፈረምኩት ቃለ ጉባኤ ዓይኔ ላይ መጣ፤ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ፊርማው። ጋሽ ደምሴን ላስፈቅድ፣ አንተ በር በር አንኳኳ አልኩና ዳገቱን ወጣሁ። በሰባኛው ዓመት ዕድሜዬ እየሮጥኩ። ቤታቸው የሉም። ጸጉር ቤት ናቸው አሉኝ። ጸጉር ቤት ገባሁ። ግማሽ ጢማቸው አረፋ ነው። ጋሽ ደምሴ፣ ውሃው ቀዩን አለፈ፣ ይነፋ ወይ? አልኳቸው። ዓይናቸውን ፈጥጠው አዩኝ።

«ውሃ መጥቶ እኔን ልትጠይቂ መጣሽ?»

ወጥቼ ከዳገቱ ላይ ነጠላዬን አውለበለብኩ። ቶላ ነፋ። 9፡29።

ከዚያ በኋላ ያለው እንዳሰብነው ነው። ከዚያም ይበልጣል። ከየቤቱ ወጡ። ማን ነው ያለ የለም። እያንዳንዱ ወደ ነካው በር። አናጢው የጠላቱን… የጎረቤቱን ሁለት ልጆች በሁለት ክንዱ አቅፎ ሲወጣ አየሁት። አበበች አንድ ዓይነ ስውር አዛውንት እየመራች። ጋሽ ደምሴ በግማሽ ጢማቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ሰው ያሻግራሉ። 9፡38 ላይ አሥሩ ቤት ባዶ ነበር።

አሥራ አንደኛው ዝቅተኛው ነው። አራቱ አግዳሚውን ይዘው ሲገቡ ውሃው ወገባቸው ደርሷል። ቶላ ቀደም ብሎ ገብቶ እማማን አልጋው ራስጌ ላይ አስደግፏቸዋል፤ ብቻውን ሊያነሣቸው አልቻለም፣ ወገቡ የታመመ ነው። አልጋው ተንሳፍፎ ዘምሟል። እማማ እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ነበሩ። በአግዳሚው ወጡ። ከንፈራቸው ሰማያዊ።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

የታች ሰው በሙሉ ላይ ገብቷል፣ በሩን በነካለት ሰው ቤት። ማንም አላዘዘም። ጋሽ ደምሴ ሰርቪሳቸውን ለወርቄና ለእማማ ለቀቁ። የእድሩ ድስት ወጥቷል፤ ተረኞቹ ያበስላሉ። ድንኳኑ ለዕቃ ማድረቂያ ተተከለ። ሟርት ያለ የለም።

ሁሉም ያመሰግነኛል። መንገድ ላይ ትከሻዬን ይስማሉ። ቲቸር አዳነችን ይላሉ። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

እማማ ያስላሉ።

ሐምሌ 27፣ እሑድ

ወርቄና እኔ እማማን ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። የሳንባ ምች። መርፌ ጀመሩ። ሐኪሟ ዕድሜያቸውን ጠየቀችን፤ ስንነግራት ብዕሯን አስቀመጠች።

ስንመለስ ወርቄ ጠየቀችኝ። ታች የነበረች ጎረቤት ነግራታለች፤ ቶላ በሯን ካንኳኳ በኋላ ጥሩምባው ብዙ ቆይቶ ነው የተነፋው ብላታለች።

«ቲቸር፣ ውሃው ቀዩ ላይ የደረሰው ስንት ሰዓት ላይ ነበር?»

ሰዓቱ በቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ በእርሳስ የተጻፈ። ጥሩምባው ሲነፋ አልኳት።

ወርቄ የኔ ቃል ትክክል መሆኑን ተጠራጥራ አታውቅም። እሺ አለች።

ማስታወሻዬ፣ ይህን ላንተ ስጽፍ እንኳን ብዕሩ ይከብደኛል።

ሐምሌ 29፣ ማክሰኞ

ጎህ ሲቀድ አንድ ረጅም ድምፅ። አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁት። ማን ነው ማለት አላስፈለገኝም።

ከሰ. 9፡00። እማማ አቦ ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ። ቃሬዛውን የያዙት እነዚያው አራቱ ናቸው። ሰው ብዙ ነበር። ቶላ ከሁሉ ኋላ፣ ጥሩምባውን ጋቢው ውስጥ ደብቆ። ከዳገቱ አብረን ወረድን። አንድ ነገር እንዲለኝ ጠበቅኩ። አልወቀሰኝም። አንቺ ቆይ ብትይኝም እኔ መንፋት ነበረብኝ አለ። አይ አልኩት።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ፣ ማታ 12፡30

ሠልስት። ፍልሰታም ዛሬ ገባ። ጋሽ ደምሴ ግቢ ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ነበር። የትኛው አግዳሚ እንደሆነ አላየሁም፤ ሆን ብዬ።

ጋሽ ደምሴ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። እኔ ነኝ ያሰርኩሽ፣ ያንን ቃለ ጉባኤ ያስጻፍኩሽ እኔ ነኝ አሉ። ሕጉን አብረን ነው የፈረምነው አልኳቸው። ግን ልክ አይደለም። እሳቸው ያን ጊዜ ወንዙ ዳር አልነበሩም፣ ውሃው ቀዩን ሲያልፍ አላዩም። ያየሁት እኔ ነኝ። ቀዩን መስመር የቀባሁት እኔ ነኝ። እሱን ቀብቼ ሳበቃ መስመሩን ሳይሆን ወረቀቱን አመንኩ።

11 ደቂቃ። ለእማማ 4 ደቂቃ ተኩል ይበቃል። ሰው በ9 ደቂቃ ይመጣል። 13 ተኩል። 9፡18 ላይ ቢነፋ 9፡31 ተኩል ላይ አስፋልቱ ላይ ናቸው። በዚያ ሰዓት ቤታቸው ውስጥ ውሃው ስንት ነበር? ቶላን ጠየቅኩት። ቁርጭምጭሚት አለኝ።

በደረቅ ልብስ ይወጡ ነበር። ይድኑ ነበር ወይ? አላውቅም። ዕድሜያቸው፣ ብርዱ፣ ክረምቱ። መልሱን የማላውቀው የመጀመሪያው ሒሳብ ነው። ግን ሒሳቡን የደበቅኩት እኔ ነኝ።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ለነገው ስብሰባ አዲስ አንቀጽ ጻፍኩ። አጭር ነው፦

«ውሃው ቀዩ መስመር ላይ መድረሱን ያየ ማንኛውም ሰው፣ አባል ይሁን አይሁን፣ ጥሩምባው እንዲነፋ ያደርጋል። ፈቃድ አይጠየቅም፤ ከዳኛም፣ ከጸሐፊም።»

ጋሽ ደምሴ አንብበው ፈረሙ። ምክንያት የሚለው ቦታ ባዶ ነው አሉኝ። ነገ ይሞላል አልኳቸው። ያወቁ ይመስለኛል። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

ጎረቤት ሠፈር፣ ከወንዙ ማዶ፣ ሌላ እድር አለ። ጸሐፊያቸው ዛሬ ልትጠይቀኝ መጣች፤ እኛም እንደናንተ በር ልናስነካ ነው፣ መመሪያ ካለሽ ስጪኝ አለች። ወረቀት የለም፣ በእግር ነው አልኳት። አንድ ወረቀት ግን አለ፤ ከነገ በኋላ እሰጥሻለሁ።

ነሐሴ 4፣ እሑድ፣ ጠዋት 1፡40

ጣሳው 14። ምሰሶው 88። ስብሰባው 3 ሰዓት ላይ ነው።

ምክንያቱን ሞላሁት። 9፡18 ታየ። 9፡29 ተነፋ። በመካከሉ የነበረው መዘግየት የጸሐፊዋ ነው። በቀለም ጻፍኩ።

ይህን በሠፈሩ ሁሉ ፊት አነብበዋለሁ። ነገር ግን ወርቄ ከሰው መሐል ተቀምጣ፣ ሰው እያያት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወረቀት ልትሰማው አይገባም። ይህን ሌሊቱን ሙሉ አገላበጥኩት። ወሰንኩ። ከስብሰባው በፊት፣ ለብቻዋ፣ አሁን። መጀመሪያ ሰዓቱን፣ ከነደቂቃው። ቀጥሎ የዋሸኋትን። ይቅርታው መጨረሻ፤ ከፊት ካስቀደምኩት ዝም ታሰኘኛለች፣ ጨዋ ናት።

ምን እንደምትለኝ አላውቅም። እናቷን ደግሜ እንደምገድልባት ይሰማኛል። ከስብሰባው ብትቀር፣ ከእድሩ ብትወጣ፣ ደጄን ባትረግጥ መብቷ ነው። ብቻ የዚያን ዕለቱን ሰዓት በትክክል ታውቀዋለች።

ከዚህ የጋሽ ደምሴ ግቢ ይታያል። የሰርቪሱ በር ተከፈተ። ውሃ ልትቀዳ ወጣች፣ ጀሪካኑን ቧንቧው ሥር አደረገች። ብቻዋን ናት። ነጠላዬን ለብሻለሁ፣ ወረቀቱን ይዣለሁ፣ እየወጣሁ ነው፤ ቀና ብላ አየችኝ፣ እጇን አነሣችልኝ።